ለወባ ተሠርቶ ለሉፐስ የዋለው ፍሬ፦ ሃይድሮክሲክሎሮኪን 200 እና ጎረቤቶቹ የትል መድኃኒቶች

ለሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን አካል ለሚያጠቃበት በሽታ) የታዘዘለትን መድኃኒት ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ከካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ሲዘረጋ፣ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች የሚያገኘው ስለ ወባ ነው። አንዳንዱ «ተሳስተው ሰጥተውኛል» ይልና እሽጉን ሳይከፍት ያስቀምጠዋል። ሌላው «ለካ ሉፐስ የተውሳክ በሽታ ኖሯል» ብሎ የትል መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ሁለቱም ይጎዳሉ፤ የሁለተኛው ጉዳት ግን ይበልጥ ስውር ነው። እዚህ የምንመዝነው በዋናነት ሃይድሮክሲክሎሮኪን 200 ሚሊግራምን ነው (በብዙ አገር ፕላክዊኒል በሚል ስም ይታወቃል)። የትል መድኃኒቶቹ አይቨርሜክቲን፣ አልቤንዳዞልና ፕራዚኳንቴልም ይነሣሉ፤ የሉፐስ ታማሚ ከእነሱ ጋር መገናኘቱ ስለማይቀር።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለሉፐስ ከተገኙት መድኃኒቶች ሁሉ በጥቅምና በጉዳት ሚዛን የተሻለው ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት በ2023 ባወጣው መመሪያ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ በቀር ለማንኛውም የሉፐስ ታማሚ እንዲሰጥ ይመክራል። በአንጻሩ አይቨርሜክቲንም ሆነ አልቤንዳዞል የሉፐስ መድኃኒት አይደሉም። በሉፐስ ሕክምና ውስጥ ቦታ አላቸው፣ ግን ቦታቸው ሌላ ነው፤ እንመለስበታለን።

የወባ መድኃኒት ሉፐስ ውስጥ እንዴት ገባ ለሚለው፣ ነገሩ ከኪኒን ይጀምራል። (በአማርኛ ማንኛውንም ፍሬ መድኃኒት «ኪኒን» የምንለው ከዚያው የወባ መድኃኒት ወርሰን ነው።) በ1894 ፔይን የተባለ የለንደን ሐኪም ኪኒን የሉፐስን የቆዳ ቁስል እንደሚያሻሽል ጻፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ለወባ መከላከያ ሜፓክሪን ሲውጡ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባቸው ተሻላቸው። በ1951 ፔጅ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም 18 የሉፐስ ታማሚዎችን በሜፓክሪን ማከሙን አሳተመ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ደግሞ በ1955 በአሜሪካ ተፈቀደ።

አሠራሩን የተረዳ ሰው «ታዲያ ሉፐስ ተውሳክ ነው ማለት ነው» አይልም። መድኃኒቱ አሲድ ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቶ የመጠራቀም ጠባይ አለው። የወባ ተውሳክ ከቀይ የደም ሕዋስ የበላውን ሄሞግሎቢን የሚፈጭበት ከረጢት እንዲህ ያለ ክፍል ነው፤ መድኃኒቱ እዚያ ሲከማች ተውሳኩ የፍጭቱን መርዛማ ትርፍ ማስወገድ ያቅተውና ይሞታል። የሰው የመከላከያ ሕዋሳትም ተመሳሳይ ክፍል አላቸው። መድኃኒቱ የዚያን አሲድ ሲያረግበው፣ በሉፐስ ጊዜ የራስን ዲ.ኤን.ኤ እና አር.ኤን.ኤ እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚጮኸው ደወል (ቲ.ኤል.አር 7 እና 9 የሚባሉት ተቀባዮች) ድምፁ ይቀንሳል። አንድ ቁልፍ ሁለት በር ይከፍታል፤ ከበሮቹ ጀርባ ያሉት ቤቶች ግን አይዛመዱም።

አሁን ወደ ዕቃው። ፍሬው የተሸፈነ ነው፤ ሽፋኑ ሲላጥ ምሬቱ ምላስ ላይ ይቀራል። «200» የሚለው የጨው መጠኑ ነው፣ ከዚያ ውስጥ ዋናው መድኃኒት 155 ሚሊግራም ነው። አይሰበርም፣ አይፈጭም። መጠኑ በክብደት ይሰላል፦ በቀን ከ5 ሚሊግራም በኪሎ አይበልጥም፣ ጣሪያውም 400 ነው። ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ «ጠዋት አንድ ማታ አንድ» በልማድ ለሁሉም ይጻፋል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ልክ ነው። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ግን 8 ሚሊግራም በኪሎ ይሆናል፤ ይህ በዓመታት ውስጥ ዓይን የሚያበላሽ መጠን ነው። ለእሷ ጣሪያው በቀን 250 ነው። ፍሬው ስለማይሰበር በሳምንት ይቆጠራል፦ ስድስቱን ቀን አንድ አንድ፣ በሰባተኛው ቀን ሁለት፣ በድምሩ 8 ፍሬ። በአማካይ 228 ሚሊግራም ይመጣል። 60 ኪሎ የሆነ ሰው አንድ ቀን አንድ፣ በማግስቱ ሁለት እያፈራረቀ ቢወስድ ልክ 300 ላይ ያርፋል። 45 ኪሎ ለሆነ በቀን አንዷ በቂ ናት። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ገብቶ እስኪጋመስ 40 ቀን ያህል ስለሚፈጅ የዛሬና የነገ መለያየት ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው የወሩ ድምር ነው። ክብደት ሲቀንስ ሒሳቡ እንደገና ይሠራል፤ ኩላሊት ሲደክምም ሐኪሙ መጠኑን ዝቅ ያደርጋል።

ከዚሁ የ40 ቀን ነገር ሁለተኛው ቅሬታ ይወለዳል፦ «ወር ወሰድኩት፣ ምንም የለውም»። ልክ ናቸው፣ በወር ምንም የለውም። ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም መሻሻል የሚጀምሩት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን ሙሉ ውጤቱ እስከ 6 ወር ይዘገያል። ሲያቆሙትም እንዲሁ ነው፤ ለሳምንታት ምንም የተለወጠ አይመስልም፣ ከዚያ በሽታው ያገረሻል። በ1991 የታተመ የካናዳ ጥናት በሽታቸው ረግቶ የነበሩ 47 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ መድኃኒቱን በባዶ ፍሬ ተካ፤ በ24 ሳምንት ውስጥ በባዶው ፍሬ የቆዩት የማገርሸት ዕድላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ። «ተሽሎኛልና ላቁመው» የሚለው ሐሳብ በዚህ መድኃኒት ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። እርግዝናም ማቆሚያ ምክንያት አይደለም፤ እናቲቱን ከማገርሸት ይጠብቃል፣ ይታዘዛልም።

ጉድለቱስ? ማቅለሽለሽና የሆድ መላላት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው፤ ምግብ በልቶ መውሰድ ያቃልለዋል። ለጨጓራ የሚወሰድ ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት ሽሮፕ ወይም ፍሬ መድኃኒቱን ስለሚይዘው በመካከላቸው 4 ሰዓት ይለያቸው። ያለ ሽፍታ የሚመጣ ማሳከክ በጥቁር ሕዝብ ዘንድ የታወቀ የክሎሮኪን (የዘመዱ የወባ መድኃኒት) ጠባይ ነው፣ በዚህኛውም ይታያል። ለረጅም ዓመት የወሰደ ሰው ቅልጥሙ ላይ፣ ድዱ ላይ ወይም ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ሊያወጣ ይችላል፤ የተመታ ስለሚመስል ያስደነግጣል፣ ከመልክ በቀር ጉዳት የለውም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በተለይ ለቆዳ ሉፐስ የመድኃኒቱን ጥቅም በከፊል ያጣዋል።

ዋናው ግን ዓይን ነው። መጠኑ ከ5 ሚሊግራም በኪሎ ካላለፈ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ጉዳት ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች፣ እስከ 10 ዓመት ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ግን ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። የተጎዳ ሬቲና አይመለስም፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ጉዳቱ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ አንድ መነሻ ምርመራ፣ ከ5ኛው ዓመት በኋላ በየዓመቱ። የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ፣ ወይም ቀድሞ የማኩላ (የሬቲና ማዕከል) ችግር ያለበት ሰው 5 ዓመት አይጠብቅም። ምርመራው ደግሞ በፊደል ገበታ ማንበብ ብቻ አይደለም! ጉዳቱ የሚጀምረው ከማዕከሉ ዳር ስለሆነ ሰውየው የመጨረሻውን መስመር ጥርት አድርጎ እያነበበ ሬቲናው ሊበላ ይችላል። የሚፈለጉት ሁለት ናቸው፦ የሬቲናን ንብርብር የሚያሳየው ኦ.ሲ.ቲ እና በማሽን የሚሠራ የእይታ ስፋት ምርመራ። ዓይን ክሊኒክ ሲሄዱ «መነጽር ልለካ» ሳይሆን «ሃይድሮክሲክሎሮኪን እወስዳለሁ፣ ሬቲናዬ ይታይልኝ» ማለት ያስፈልጋል።

የገበያው ችግር ሌላ ነው። በ2020 መድኃኒቱ ለኮቪድ ይሆናል ተብሎ ዓለም ሲሻማበት የሉፐስ ታማሚዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በመጋቢት ማብቂያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የሰጠውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ በሰኔ 15 አነሣው። ከዚያ ወዲህም በጠፋ ቁጥር «ክሎሮኪን አለ፣ ያው ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ያው አይደለም። ክሎሮኪን ለሬቲና ይበልጥ መርዛማ ነው፣ የፍሬው ጥንካሬም ይለያል፤ በቁጥር ልክ አይተካም። መተካት ግድ ከሆነ ሒሳቡን የሚሠራው ሐኪም ነው። ከእጅ ያለው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ይሻላል፤ ለጥቂት ቀን ቢቋረጥ ግን ደም ውስጥ ያለው ስንቅ ስለሚያሻግር መደናገጥ አያሻም፣ ያመለጠውን ለማካካስም ደርቦ መዋጥ አይገባም።

ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ግልጽ ይሁን፦ ይህ ፍሬ የወባ መድኃኒት ሆኖ ከወባ አያድንም። በኢትዮጵያ ፋልሲፓረም የተባለው ወባ ክሎሮኪንን ከተላመደ ቆይቷል፤ ለዚህም ነው አገሪቱ በ1998 ወደ ፋንሲዳር፣ በ2004 ወደ ኮአርተም የዞረችው (ሁለቱም በአውሮፓውያን)። አጎበሩ አይቀርም። ትኩሳት ሲመጣ «ሉፐሴ ነው» ብሎ መተኛትም የለም፣ ጣት ተወግቶ ደም መታየት አለበት። ወባ ከሆነ ሃይድሮክሲክሎሮኪን እንደሚወስዱ ይናገሩ፦ ኮአርተምም እሱም የልብ ምትን ስለሚነኩ ከተቻለ ኢ.ሲ.ጂ ይነሣል፤ ቫይቫክስ ለተባለው ሌላው የወባ ዓይነት ክሎሮኪን ከታዘዘም ሁለቱ ዘመዳሞች እንደሚደራረቡ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ሳይታከሙ መቅረት ግን ከሁሉም ይከፋል። ፋንሲዳርና ባክትሪም የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ውስጥ ያለው ሰልፋ በሉፐስ ታማሚ ላይ አለርጂና ማገርሸት ስለሚያበዛ፣ ሌላ አማራጭ ባለበት ይቀር።

አሁን ወደ ትሎቹ፤ እዚህ ነው እውነተኛው አደጋ ያለው። አደጋው ትል ሉፐስን ማምጣቱ አይደለም። ሉፐስ ሲበረታ አብሮ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን (የሰውነት መከላከያን የሚያደክም ስቴሮይድ) ተኝቶ የነበረ ትል መቀስቀሱ ነው።

ስትሮንጂሎይድስ የምትባለው ትል በባዶ እግር ከእርጥብ አፈር ትገባለች፤ አንጀት ውስጥ ሆና ራሷን መልሳ ስለምታራባ ሰውየው አፈሩን ከተወ 30 ዓመት ቢሆነውም አለች። ልጅነቱን በገጠር አሳልፎ ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር ሰው ውስጥም እንዲሁ። በጤናማ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ትላለች። ምልክት ካሳየች አንዱ እንዲህ ነው፦ መቀመጫ ወይም ጭን ላይ የሚያሳክክ ቀይ መስመር ይወጣል፣ በእስክሪብቶ ጫፉን ምልክት ቢያደርጉበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር አልፎት ይገኛል። ፕሬድኒሶሎን በከፍተኛ መጠን ሲጀመር ግን ትሏ በብዛት ትፈለፈላለች፤ እጮቿ የአንጀትን ባክቴሪያ ተሸክመው ወደ ሳንባ፣ ወደ ደም፣ ወደ አንጎል ሽፋን ይሄዳሉ። ሆድ ይቆርጣል፣ ሳል ይመጣል፣ ትኩሳት ይነሣል፣ ቆዳ ላይ ደም ይቋጥራል። ይህን የሚያይ ሐኪም ሉፐሱ ያገረሸ መስሎት ስቴሮይዱን ቢጨምር ታማሚው ይሞታል። ትል ሲኖር የሚበዛው ነጭ የደም ሕዋስ፣ ኢኦሲኖፊል፣ አለመጨመሩም አያጽናናም፤ ስቴሮይዱ ራሱ ዝቅ ያደርገዋል።

ስለዚህ በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚጀመርለት ሰው ቀድሞ ይመርመር። በዝቅተኛ መጠንም የተነሣባቸው አሉ። አንድ ጊዜ በተራ ማይክሮስኮፕ የታየ ሰገራ «የለም» ቢል አይታመንም፣ እጮቹ ጥቂት ስለሆኑ ያመልጣሉ፤ የተሻሉት የሰገራ ማጣሪያ ዘዴው ቤርማን ወይም የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ናቸው። ኩላሊት ወይም አንጎል ተነክቶ ስቴሮይዱ ነገ የማይባል ከሆነ ውጤት አይጠበቅም፣ አይቨርሜክቲኑ አብሮ ይሰጣል።

በዚህ ሥራ አይቨርሜክቲን ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። መጠኑ 200 ማይክሮግራም በኪሎ ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 12 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 3ቱ ከሆነ 4 ፍሬ፣ በባዶ ሆድ በውኃ። ብዙ ሐኪሞች ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደግሙታል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለኦንኮሰርካ (ዓይን ለሚያሳውረው የትል በሽታ) በየቤቱ ሲታደል የነበረው ያው መድኃኒት ነው። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ የሉፐስ ታማሚ (የደም መርጋት ያለባቸው ብዙ ናቸው) ከወሰደ በኋላ የደሙ መቅጠን መለኪያ የሆነው አይ.ኤን.አር መታየት አለበት፣ ከፍ ሊል ይችላልና። ለከብት የሚወጋው 1 በመቶ ፈሳሽ በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ይዟል፤ በቡሽ እየለኩ የሚጠጡ እንዳሉ ይሰማል፣ የሰው መድኃኒት አይደለም።

አልቤንዳዞል በየፋርማሲው አለ፣ ርካሽ ነው፣ ለወስፋት ጥሩ ነው። «ትል አጥፍቻለሁ» ብሎ አንዲት 400 ሚሊግራም ውጦ ፕሬድኒሶሎን መጀመር ግን ራስን ማታለል ነው፤ ስትሮንጂሎይድስን አትገድልም። አይቨርሜክቲን ከጠፋ 400 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 እስከ 7 ቀን ይሰጣል፣ ያም ቢሆን ደካማ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ መቅኔን ስለሚጫን፣ አዛታዮፕሪን (ሌላው የሉፐስ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው የደም ሕዋስ ቆጠራ ያስፈልገዋል። ፕራዚኳንቴል የቢልሃርዚያ ነው፣ ጣና ዳር ለዋኘ። ክሎሮኪን በደም ውስጥ ያለውን መጠን እንደሚቀንሰው ይታወቃል፤ ለዘመዱ ለሃይድሮክሲክሎሮኪንም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ ሰገራው ተደግሞ ይታይ።

«የትል መድኃኒት ወስጄ ሉፐሴ ተሻለኝ» የሚል ሰው ውሸቱን ላይሆን ይችላል። መንጠቆ ትል ደም ትመጥጣለች፤ ስትወገድ የደም ማነሱ ይሻሻላል፣ ድካሙ ይቀላል። ድካም ደግሞ የሉፐስ ታማሚ ትልቁ አቤቱታ ነው። የተሻለው ትሉ እንጂ ሉፐሱ አይደለም፤ ሉፐስ ኩላሊትን ሲነካ ሽንት ላይ የሚታየው ፕሮቲን አልቀነሰም።

ሳይንሱ በእርግጥ ተውሳክንና ሉፐስን አያይዞ ያጠናል፣ አቅጣጫው ግን ሕዝቡ ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። ግሪንውድ የተባለው ሐኪም በ1968 በናይጄሪያ እንደ ሉፐስ ያሉ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች ጥቂት መሆናቸውን ከተውሳክ ብዛት ጋር አያያዘው፤ በ1970 ከባልደረቦቹ ጋር ሉፐስ መሰል በሽታ የሚይዛቸውን አይጦች በወባ ሲያስይዟቸው በሽታው ተዳፈነ። በ2010 የታተመ ጥናት ደግሞ ኤፍ.ሲ.ጂ.አር2ቢ የተባለ ጂን ላይ ያለ አንድ ለውጥ ለሉፐስ ሲያጋልጥ ከከባድ ወባ እንደሚጠብቅ አሳየ። ይህን አንብቦ ትል ሆን ብሎ መዋጥ ደግሞ ሌላ ዕብደት ነው።

ተውሳክ ሉፐስን መስሎ የሚመጣበት አንዱ ካላዛር ነው፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ትኩሳት፣ መክሳት፣ የሦስቱም የደም ሕዋሳት ማነስ፣ አንዳንዴም ለሉፐስ የሚታየው የደም ምርመራ፣ ኤ.ኤን.ኤ፣ ፖዘቲቭ፤ ወረቀት ላይ ሉፐስ ይመስላል። በመተማ ወይም በሑመራ ሰሊጥ አጨዳ የሠራ፣ ጣፊያው እምብርቱን ያለፈ ሰው አር.ኬ39 የተባለው የካላዛር ፈጣን ምርመራ ሳይሠራለት ስቴሮይድ አይጀመርለትም።

የቀሩት በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጡት «የተውሳክ ማጽጃ» ዱቄቶችና ጠብታዎች ናቸው። ዜሮ ነጥብ። ከወጡ በኋላ በፎቶ የሚታዩት «ረጃጅም ትሎች» የአንጀት ዝልግልግ ናቸው። አንዳንዱ ውስጥ አልፋልፋ አለ፤ አልፋልፋ ኤል ካናቫኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ሉፐስን እንደሚያስነሣ ከታወቀ ቆይቷል፣ ስለዚህ የይዘቱን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ኮሶም ቢሆን ሲበዛ ዓይን ይጎዳል። ሬቲናውን በየዓመቱ ለሚያስመረምር ሰው ይህን መጨመር ምን ይባላል? ክትፎ የወደደ ሰው የኮሶ ትል ቢይዘው ፕራዚኳንቴል አለለት።

ሲገዙ የመጨረሻ ነገር፦ ካርቶኑ ላይ «ሃይድሮክሲ» የሚለውን ያንብቡ፣ የሚያበቃበትን ቀን ይዩ፣ ቤት ሲገባም ሕፃን የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ዳዴ ለሚል ልጅ ከዚህ ቤተሰብ መድኃኒት አንድ ሁለት ፍሬ ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ከዋጠ ምልክት ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል።